ማንጎ የሚሸት ጭስ

ማሽተት ካቆምሁ ቆይቻለሁ። በሽታ አይደለም፣ ሥራዬ ነው። ከሃይፋ ወደብ ጀርባ፣ ነዳጅ ማጣሪያው አጠገብ ባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የልብስ ማለስለሻ በጠርሙስ የሚሞላበት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ጠርሙሱ ተሞልቶ ይመጣል፣ ክዳኑን አያለሁ፣ የተጣመመ ካለ አወጣለሁ፣ ሌላው ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን የአበባው ሽታ ራስ ምታት ይለቅብኝ ነበር። ቀስ በቀስ ራስ ምታቱም ሽታውም አብረው ጠፉ። አሁን ሽንኩርት ማረሩን የማውቀው ጭሱን በዓይኔ ሳየው ነው። ሐኪሟ አፍንጫዬን በመብራት አይታ «ምንም የለሽም» አለችኝ፤ እኔም አልተከራከርኋትም። እውነቱን ለመናገር ያኔ የደነዘዘው አፍንጫዬ ብቻ አይመስለኝም። ባሌ ልብሱን ሰብስቦ ክርያት ሞጽኪን ከተማ እኅቱ ቤት ሲገባ እንኳ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ቁም ሳጥኑ ሊሰፋልኝ መሆኑን ነው።

ይህን የማወራው፣ ነገሩን የሰማ ሰው ሁሉ «አንድ ቤት ውስጥ እየኖርሽ እንዴት አልሸተተሽም?» ስለሚለኝ ነው። አልሸተተኝም።

ቤታችን ሀዳር የሚባል ሰፈር ነው፣ ከአንድ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ወገብ ላይ። ከታች አውቶቡሱና ሱቁ፣ ከላይ ጸሎት ቤቱ። የምንኖረው ሦስት ነን፤ አባቴ፣ ልጄና እኔ። አባቴ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል ይዘውን የመጡ ሰው ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ናቸው። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ትምህርት ቤት ልትጨርስ፣ ጦር ሠራዊት ልትገባ የደረሰች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። አያቷን «ሳባ» ብላ በዕብራይስጥ ትጠራቸዋለች፣ አልፎ ተርፎም አንተ ትላቸዋለች። ስቆጣት አባቴ ይስቃሉ። «ተያት፣ አንተ የሚለኝ አፏ ነው። ልቧ አንቱ ነው የሚለኝ» ይላሉ። ሁለቱ ይዋደዳሉ። እኔ ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ ስልኳን፣ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ አገኛቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው።

አባቴ ሲጋራ የጀመሩት አገር ቤት አይደለም። እዚህ ወደብ ውስጥ በጽዳት ሲሠሩ ነው። እዚያ የሚያጨስ ሰው በሥራ መሐል ወጣ ብሎ ቁጭ ይላል፣ አለቃውም አይናገረውም። የማያጨስ ሰው ቁጭ ቢል ግን ሰነፍ ይባላል። አባቴ ወገባቸውን ለማሳረፍ ብለው ከጓደኛቸው አንድ ሲጋራ ለምነው ተቀመጡ። ጡረታ ሲወጡ ወገባቸውም እንዳመመው፣ ሲጋራውም እንዳለ ቤት መጡ።

ያም ሆኖ የአባቴ ሲጋራ ሕግ ነበረው። የአባቴ አባት፣ አያቴ፣ እስኪሞቱ ድረስ አባቴ አንድም ቀን በፊታቸው አጭሰው አያውቁም። አያቴ ያውቃሉ፣ አባቴም አያቴ ማወቃቸውን ያውቃሉ፣ ግን አባቴ ሁልጊዜ ከሕንጻው ጀርባ ይሄዳሉ፤ ሽበታም ሰው፣ እንደ ጎረምሳ ተደብቆ። ቤት ውስጥ አያጨሱም። ልጅ ወደ እሳቸው ሲመጣ በእጃቸው ከሩቅ ይመልሱታል። ፓኮውን ልጅ እንዲያቀብላቸው እንኳ አይፈቅዱም ነበር። አጭሰው ሲገቡ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ነው ልጄን የሚስሟት። ሰንበት ደግሞ ጨርሶ አይነኩትም። ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈውም፣ ፖሊስም አልቆመለትም። ሲጥሱት ግን አላየሁም።

ከጊዜ በኋላ ሳንባቸው እምቢ አለ። መጀመሪያ የነቃሁት ደረጃው ላይ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሐዘን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አባቴ ከሱቅ ሲመለሱ፣ ደረጃው መሐል ላይ፣ ከማስታወቂያው ፊት ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ፣ የማያውቁትን ሰው ስም ከላይ እስከ ታች ያዩታል። አላፊ አግዳሚው ሐዘንተኛ መስሎት ያጽናናቸዋል። እሳቸውም «አሜን» ይላሉ።

ሐኪማቸው በግልጽ ነገረቻቸው። ካልተዉት አንድ ቀን ደረጃውን ወርደው መውጣት ያቅታቸዋል። ክንድ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ ቆዳቸው አበጠ። ማስቲካ ሰጠቻቸው፣ «በዚህ ዕድሜየ መንገድ ላይ እያመሰኳሁ?» ብለው ለልጄ ሰጧት። ያኔ ነው ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ ሴት ስለ ኤሌክትሪክ ሲጋራው የነገረችኝ። ባሏ በእሱ ነው የተወው። እሳት የለው፣ አመድ የለው፣ የሚነድ ነገር የለው አለችኝ። ከደረጃው ግርጌ ያለው ኪዮስክ ይሸጣል፣ ገዛሁ። ሻጩ ከሩሲያ የመጣ ወፍራም ሰው ነው፤ የሐብሐብ፣ የናና፣ የማንጎ ብሎ ደረደረልኝ። አባቴ ማንጎ መረጡ። «ማንጎማ አውቃለሁ» አሉ።

ከየት እንደሚያውቁት እኔም አውቃለሁ። ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ፣ አንድ ሰው አንድ ማንጎ ሰጥቷቸው ነበር። በቢላ ቆራርጠው ለኛ ለልጆቹ አከፋፈሉን። እሳቸው የደረሳቸው ፍሬው መሐል ያለው አጥንት ነው፤ እሱንም ሲልሱት አፍጥጬ ሳያቸው ጊዜ ለኔ ሰጡኝ።

ነገሩ ሠራ። ይህን መደበቅ አልችልም። ሳላቸው ቀነሰ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ትንሿን አረንጓዴ ነገር ሳብ ያደርጓታል፣ ቡን ትላለች፣ ትጠፋለች። ደረጃውን ሲወጡ የሐዘን ማስታወቂያውን ዝም ብለው ያልፉት ጀመር። አንድ ቀን ከኔ ቀድመው ላይ ደርሰው «ምነው ልጄ፣ ደከመሽ?» ሲሉኝ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ደስታ መሆኑን ለማወቅ እንኳ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የተማሪዎች አማካሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ውኃ ቀዳችልኝና ከመሳቢያዋ አንድ አረንጓዴ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከልጄ ቦርሳ ነው የተገኘው አለች። ልክ የአባቴን ይመስላል። መሳቢያው ውስጥ ሌላም ሞልቷል፤ ማስመሪያ የሚመስል፣ የከንፈር ቀለም የሚመስል፣ መጫወቻ የሚመስል። «ከለከልን፣ በመጸዳጃ ቤት ሆነ» አለችኝ። «መጸዳጃ ቤቱን ጠበቅን፣ በእጅጌ ውስጥ ሆነ። አስተማሪዎቹ መልኩን ሲለምዱ ሌላ መልክ ይመጣል። ሽታውም የከረሜላ ነው፣ ማንን ትይዣለሽ? ከየት እንደምታገኘው አንቺ ብታውቂ ይሻላል።» ደግሞ ከተገኘባት ከትምህርት ቤት እንደምትታገድ ነገረችኝ። ፈተናዋ ደርሶ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ሰው አላሰብሁም፣ በቀጥታ ወደ ኪዮስኩ ሄድሁ። በሰው ፊት ጮኽሁበት። ለልጅ ትሸጣለህ፣ አታፍርም ወይ አልሁት። ሰውየው አልተናደደም። ከጀርባው ያለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይሸጥም ይላል። «ልጅሽን አውቃታለሁ፣ ለሷ ሸጬላት አላውቅም» አለኝ። «ለአንቺ ነው የሸጥሁልሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ አይደለም።» ስወጣ ደግሞ ጠርቶ መለሰኝ። «መንግሥት ቢከለክል ደስ ይለኛል ብለሽ ነው? ማንጎ አትሽጥ ቢሉኝ፣ አከፋፋዩ ማንጎ የሚለውን ሰርዞ ቢጫ ብሎ ይልክልኛል። ቢጫን ማን ይከለክላል?» አለኝ። ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን በአማርኛው ሬዲዮ ስለዚሁ ነገር ይወራ ነበር። አንድ ሐኪም ጨርሶ መከልከል አለበት፣ ልጆቹን እየበላብን ነው አለ። አንዲት ሴት ደወለችና «ባሌ ሲጋራ የተወው በሱ ነው። ስትከለክሉት ሲጋራውን መልሶ ቢይዝ እናንተ ታስታምሙልኛላችሁ?» አለችው። ሐኪሙ እንግዲህ ጉዳዩ ውስብስብ ነው አለ፣ ከዚያ ዘፈን ተለቀቀ። አባቴ ሬዲዮውን እያዳመጡ አረንጓዴዋን ሳብ አድርገው «ልክ ናት» አሉ። ሴትዮዋን ነው ወይስ ሐኪሙን የምትደግፊው ብዬ ልጄን ጠየቅኋት፤ ከስልኳ ቀና አላለችም። የኔ ነገር፣ ሁለቱንም እያየሁ ምንም አልታየኝም።

ያየሁት የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን የጮኸ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሕንጻችን አሮጌ ስለሆነ የምንወርደው ምድር ቤት ወዳለው የጋራ መጠለያ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ይደረደራል። አባቴ መሐል ተቀመጡ፣ ልጄ ቀኝ ጎናቸው፣ እኔ ፊት ለፊት። ሩቅ የሆነ ነገር ዱም አለ። አባቴ አረንጓዴዋን ከኪሳቸው አወጡ፣ ሳቡ። ከዚያ አፍ የሚነካውን ጫፏን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዘረጉ። ልጄም ከስልኳ ዓይኗን ሳታነሣ ተቀበለች፣ ሳበች፣ መለሰች። ምን ያህል የለመዱት መሆኑን ከእጆቻቸው አየሁት፤ የሚፈላለግ እጅ አልነበረም። አጠገባቸው የተቀመጠችው አሮጊት ጎረቤት «እንዴት ጥሩ ይሸታል!» አለች።

ሌላ ነገር ዱም አለ። ሁሉም ጣሪያውን አየ። እኔ እጃቸውን ነበር የማየው።

ቤት ስንገባ ልጄ ክፍሏ ገባች፣ እኔ አባቴን ወጥ ቤት አስቀመጥኋቸው።

«አባየ፣ ይህን ነገር ለልጅቱ ይሰጧታል?»

«አዎ። ምነው?»

«ከመቸ ጀምሮ?»

«ከገዛሽልኝ ጀምሮ ነዋ። ሲያልቅም የቀረችውን ጠብታ እሷ ትጨርሳት ብየ እሰጣታለሁ።» ፊቴን አዩትና ግራ ተጋቡ። «ምን አጠፋሁ ልጄ? ጣፋጭ ነገር እየመጠጥሁ፣ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ፣ ለብቻየ ልውጠው? እንዲህ ያለ ነውር ከማን አየሽ?»

«ሲጋራ እኮ ነው፣ አባየ።»

«ሲጋራማ አይደለም። ሲጋራ ይከረፋል። ደግሞ አንች ራስሽ አይደለሽ ‹ሲጋራ አይደለም፣ ይሳቡት› ብለሽ የሰጠሽኝ?»

እውነታቸውን ነው፣ ብያለሁ። ሲጋራው ውስጥ ሆኖ አልለቅ የሚለው መርዝ እዚህም ውስጥ እንዳለ፣ ልጅን ደግሞ ቶሎ እንደሚይዝ፣ ከቦርሳዋ እንደተገኘና ልትታገድ እንደምትችል ነገርኋቸው። አባቴ አረንጓዴዋን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ጣት በጣት። አፋቸውንም ተጉመጠመጡ። ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ግን ምንም አልመጣም። የቧንቧው ውኃ ሲፈስ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ መንግሥት ሆንሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት ሕግ ለአያት የተፈቀደ፣ ለልጅ የተከለከለ የሚል ነበር። ልጄ ክፍሏ በር ላይ ቆማ «ለሳባ ሙታር፣ ለኔ አሱር? ዜ ሎ ፌር፣ ኢማ!» አለች፤ ለሱ ሲፈቀድ ለኔ መከልከሉ ፍርድ አይደለም ማለቷ ነው። ሁለተኛው ሕግ አባቴ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ብቻ ይሳቡ የሚል ነበር። በሩን ዘግተው ይገባሉ፣ እሷ ታንኳኳለች። ሦስተኛው፣ የትምባሆ ጣዕም ያለውን እንሞክር አልሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ሳቡና «ይህ ውሸታም ሲጋራ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ልጄም ክፉ አይደለችም፣ ተይዛለች እንጂ። መጽሐፍ ከፍታ ትቀመጣለች፣ አንድ ገጽ ሳታነብ ትነሣለች፣ ምግብ ትገፋለች፣ በትንሽ ነገር ታለቅሳለች። አንድ ከሰዓት የአባቴን በር ይዛ «ሳባ፣ ራክ ፓዓም አኻት» ስትል ሰማኋት፤ አንዴ ብቻ። ድምፅዋ የሕፃን ነበር። ሄጄ ልጎትታት ስል ደግሜ ሰማኋት፣ «ሳባ፣ እባክህ»። እባክህ የሚለውን አማርኛ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሩ ተከፈተ። እጃቸው ብቻ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ለባብሰው ወጥ ቤት ጠበቁኝ። አረንጓዴዋን በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ።

«እንኪ ውሰጅ። እኔ ይችን ልጅ እምቢ ማለት አልችልም። እምቢ የማልላትን ነገር ኪሴ ውስጥ አትተይብኝ።»

«እርስዎስ፣ አባየ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቤሰደር» አሉ። ይህችን «ደህና ነው» የምትል የዕብራይስጥ ቃል የሚጠቀሙባት ወሬ እንዲያበቃ ሲፈልጉ ነው። ወሰድሁት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ ባትሪ አለው፣ ቆሻሻ ላይ አይጣልም ይላሉ። ፋብሪካ ይዤው ሄድሁ፣ የልብስ መቀየሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥሁት። እስካሁን እዚያው ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጄ ፈተናዋን ተፈተነች፣ ትምህርት ቤቱም አልጠራኝም። አባቴ ጥቂት ቀን ተኮራምተው ሰነበቱ፣ ከዚያ ተሻላቸው። እኔም ሕጉ ሠራ ብዬ አመንሁ። ሰው የሚፈልገውን ለማመን አፍንጫ አያስፈልገውም።

አንድ ጠዋት የልጄን ጃኬት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ልከት ስል ኪሱ ውስጥ ጠጣር ነገር ነካሁ። ሮዝ ነው፣ አዲስ፣ ከነማንጠልጠያው። ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥሁላት። መጀመሪያ የጓደኛዬ ነው አለች። ከዚያ ተወችው።

«ኢማ፣ ለሳባ እንዳትነግሪው።»

«ለምን? ከሳቸው ጋር አልነበር እንዴ የጀመርሽው?»

«ያኔ አላወቀም ነበር። አሁን በፊቱ አላደርገውም። ከሕንጻው ጀርባ ሄጄ ነው። አጥቤ ነው የምገባው፣ እጄንም አፌንም። ንጉሪኝ ካልሽ እሞታለሁ።» አማርኛዋ ተሳከረ፣ ከነገርሽው እሞታለሁ ማለቷ ነበር። ሮዟን ነገር ከአልጋው ላይ አንሥታ ትራሷ ሥር ከተተች፣ እኔ ቆሜ እያየሁ። ልወስድባት እችል ነበር። ከኪዮስኩ ካልሆነ ከጓደኛዋ፣ ከጓደኛዋ ካልሆነ በስልኳ አዝዛ ታገኘዋለች፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ወጣሁ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ደረጃውን ስጀምር፣ አባቴን ከሩቅ አየኋቸው። ደረጃው መሐል ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ እያነበቡ ነው።

አልተጠጋሁም። አንብበው እስኪጨርሱ ከታች ቆሜ ጠበቅሁ፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ናቸው፣ በሩን ከውጭ ዘግተውታል። ከፍቼ ወጣሁ። እግራቸው ሥር የውኃ ጠርሙስና ሳሙና፣ ጉልበታቸው ላይ ፓኮ፣ በጣታቸው መሐል የሚነድ ሲጋራ። የድሮው ዓይነት።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ልብስሽ ይሸታል» አሉኝ፣ በእጃቸው እየመለሱኝ፤ ልጅ ሳለሁ እንደሚመልሱኝ።

«አባየ፣ ሐኪሟ ምን አለችዎ?»

ሳል ያዛቸው፣ እስኪለቃቸው ቆየሁ። «ዝም ብየ ልቀመጥ ብል አልቻልሁም» አሉ። «ያ ጣፋጩ ደግሞ ልጅ ይጠራል። ይህኛው ክርፋቱ ብቻ ልጅ ያባርራል። ይህን ለልጅ አቀብየ አላውቅም፣ አላቀብልም። እግዜር ያውቃል፣ አንችም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ አልኋቸው።

አጠገባቸው ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ከታች መርከብ ከወደቡ እየወጣ ነበር። ከሕንጻው ጀርባ የብረቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ፤ የማን እርምጃ እንደሆነ አውቄዋለሁ። አባቴ አልሰሙም፣ ጆሯቸው ደክሟል። ሲጋራውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ በጠርሙሱ ውኃ አጠፉት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ልጅቱ ግን ተወችው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ተወችው፣ አባየ» አልኋቸው።

«እግዜር ይመስገን» አሉ። «እንግዲያ አልከሰርሁም።» ከፓኮው ሌላ አወጡና ለኮሱ፣ ጭሱም በፊቴ አለፈ። ምንም አልሸተተኝም።